ክፍል ፊት ስቆም ድምፄ እንዳይጠፋ የረዳኝ

ኮምቦልቻ የምትማሩ፣ ፕረዘንቴሽን ሲደርስ እንቅልፍ የምታጡ ካላችሁ ይቺን አንብቧት። ክፍል ፊት ስቆም አፌ ይደርቅ፣ ድምፄ ይንቀጠቀጥ፣ የማውቀው ሁሉ ይጠፋኝ ነበር።

መጀመሪያ ጽሑፉን ሸመደድኩ። አልሠራም፤ አንድ ቃል ካመለጠኝ ቀሪው ተከትሎት ይሄዳል። ቡና ጠጥቼ ስገባ ደግሞ ልቤ ይባስ መታ።

የሠራው ፍርሃቱን በትንሽ በትንሹ መልመድ ነው። ብቻዬን በስልኬ ድምፅ መቅጃ እየቀዳሁ ተናገርኩ፣ መልሼ ሰማሁት። ቀጥሎ ለዶርም ጓደኛዬ። ከዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ለሦስት አራት ልጆች፣ ጥያቄ እንዲጠይቁኝ ቀድሜ ነግሬያቸው። ቅዳሜ ደሴ ስወጣም ፒያሳ ላይ የማላውቀውን ሰው አስቁሜ አቅጣጫ እጠይቃለሁ፤ ቀላል ይመስላል፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የከበደኝም የጠቀመኝም እሱ ነው። አንዱ ሳይቀለኝ ወደ ሌላው አላለፍኩም፣ ይሄን አደራ አትዝለሉት።

ልጀምር ስል አየር ከማስገባው ረዘም አድርጌ አስወጣለሁ፣ ትንፋሽ ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ይላልና። በቃሌ የምይዘው የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እጄ አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፄ ግን ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል።