ለጠመንጃ ስንት ሲሆን ነው «በዛ» የሚባለው? አዲስ አዳኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ አጋዘን ማደን የጀመረ ሀበሻ መስማት አሁን አሁን ብርቅ አይደለም። ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ስንት አወጣህበት?» አንዱ 450 ዶላር ይላል። ሌላው 2,800 ይላል። ባለ 450ው አንገቱን ይደፋል፣ ባለ 2,800ው ደረቱን ይነፋል። ሁለቱም የጣሉት ግን አንድ ዓይነት አጋዘን ነው፣ ያውም ከ80 ሜትር በማይበልጥ ርቀት።

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። ጠመንጃውን ከገዙ በኋላ ለጥይትና ለልምምድ የሚተርፍ ገንዘብ ከሌለ፣ 500 ዶላርም በዝቷል። ከተረፈ ደግሞ የቀረው የምርጫ ጉዳይ ነው። ሰው ሲሳሳት የማየው እዚህ ስሌት ላይ ነው።

የት እንደሚያድኑ ሳያጣሩ ዋጋ መጠየቅ

ሱቅ ገብቶ «ጥሩው የቱ ነው?» ማለት ሻጩን ደስ ያሰኘዋል። ጥሩው ሁልጊዜ ውዱ ነዋ! መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን የሚያድኑበት ካውንቲ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለዋሽንግተን ቅርብ በሆኑ ካውንቲዎች፣ ለምሳሌ በሞንትጎመሪ፣ 308 የተባለውን ዓይነት ጥይት የሚተኩስ ራይፍል ይዞ አጋዘን ፍለጋ መውጣት ክልክል ነው። እዚያ የሚያዘው በአብዛኛው ሾትጋን፣ ማለትም አፈ ሰፊው የቅርብ ርቀት ጠመንጃ ነው። ኦሃዮ ደግሞ ራይፍል ብትፈቅድም ቀለሃው አንገቱ ያልጠበበ፣ ቀጥ ያለ መሆን አለበት ትላለች። ስለዚህ ቀለሃቸው አንገቱ የጠበበው 308ም ሆነ 6.5 ክሪድሙር የተባለው ጥይት እዚያ ለአጋዘን አይሆኑም። ሕጉ ስለሚሻሻል የዘንድሮውን የአደን መመሪያ ከስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያንብቡ። በነፃ ነው።

ቀጥሎ መሬቱን ይዩ። የምሥራቁ ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ነው። 100 ሜትር አሻግሮ ማየት ራሱ ዕድል ነው። ለ600 ሜትር ተብሎ የተሠራ ከባድ ጠመንጃ እዚያ ውስጥ ተሸክሞ መዞር ትርፉ ድካም ነው።

«በ100 ያርድ አንድ ኢንች» የሚለውን ማስታወቂያ ማምለክ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ፋብሪካዎቹ «1 ኤምኦኤ እናረጋግጣለን» ይላሉ። ይህ ማለት በ100 ያርድ፣ በሜትር 91 ገደማ፣ የተተኮሱት ጥይቶች ስፋቱ ከአንድ ኢንች እምብዛም በማይበልጥ ክብ ውስጥ ያርፋሉ ማለት ነው። አንድ ኢንች ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ደስ ይላል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ግን 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል።

እስኪ በመጥፎው እናስላው። ጠመንጃዎ ሰነፍ ሆኖ በ100 ያርድ ሁለት ኢንች ቢበትን፣ በ200 ያርድ አራት ኢንች ይበትናል። አሥር ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ከሚፈልጉት ቦታ ግማሹ። ያም ሆኖ 500 ዶላር አካባቢ የሚሸጡት እንደ ሩገር አሜሪካንና ሳቬጅ አክሲስ ያሉ ጠመንጃዎች የሚስማማቸውን ጥይት ካገኙ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተሻለ ነው የሚሰበስቡት። በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ከመጣ ወዲህ ቀጥ ያለ በርሜል መሥራት እንደ ድሮው የባለ ወርቅ እጅ ሥራ አይደለም። ርካሾቹ የሚቆጥቡት ከሰደፉ ነው፣ ከቀለሙ ነው፣ ከማቀባበያው ልስላሴ ነው።

ሌላው ደግሞ ሰውዬው ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ውጤት ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ የተገኘ ነው። ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ጣት ደንዝዟል፣ ልብ ይመታል፣ ጉልበት መሬት ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ብዙዎቻችን በ100 ያርድ አምስት ስድስት ኢንች ብንበትን አይገርምም። ታዲያ የጠመንጃውን አንድ ኢንች ወደ ግማሽ ለማውረድ 2,000 ዶላር መጨመር የማንን ችግር ይፈታል?

ውዱ ምንም አይሰጥም እያልኩ አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ ሳኮ የሚሠራውን ቲካ አንስተው ማቀባበያውን አንዴ ሳብ አድርገው ይመልሱት። አንዳች ጉርብጥ የለውም። ቃታው ጥርት ብሎ ነው የሚለቀው። ለዚያ ሁለት ሦስት መቶ ዶላር ቢጨምሩ አልፈርድብዎትም። ግን የሚከፍሉት ለእጅ ደስታ መሆኑን ይወቁት።

ገንዘቡን ሁሉ ጠመንጃው ላይ ጨርሶ ለማነጣጠሪያ መነጽሩ (ስኮፕ) ሳንቲም መልቀም

አንድ መስከረም ላይ ኢላማ መተኮሻ ሜዳ ላይ ያየሁትን ልንገርዎት። አንድ ወንድማችን ከ2,000 ዶላር በላይ የወጣበት አዲስ ጠመንጃ ይዞ መጥቷል። ይተኩሳል፣ ጥይቱ ወደ ግራ ይሄዳል። መነጽሩን ያስተካክላል፣ ይተኩሳል፣ አሁን ወደ ላይ። «ይሄ ጠመንጃ ተሸውጄበታለሁ» ማለት ጀመረ። አጠገቡ የነበሩ አንድ ጋሼ ተነሥተው መጡና መነጽሩን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ነቀነቁት። ተነቃነቀ!

«የኔ ልጅ፣ ጠመንጃህ ጤነኛ ነው። ይሄ ብሎን ነው የላላው» አሉት።

መነጽሩ የ60 ዶላር ነበር። ማሰሪያው ቀለበት አብሮት በነፃ የመጣ። ብሎኑን አጠበቁለትና ትንሽ ተሻለ፣ መነጽሩ ግን ከአሥር ጥይት በኋላ እንደገና ከቦታው ይሸሽ ጀመር። ጋሼ ራሳቸው የሚተኩሱት ሰደፉ የተጫጫረ፣ ሰው የተገለገለበት ባለ 30-06 ጥይት ጠመንጃ ነበር። ከላዩ ግን ጥሩ የሉፖልድ መነጽር አስረውበታል።

በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ከጠመንጃው ቀንሰው መነጽሩ ላይ ይጨምሩ። ከ250 እስከ 400 ዶላር ባለው ውስጥ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ የሚያጎላ ደህና መነጽር ይገኛል። ለአጋዘን ከዚያ በላይ ማጉላት አያስፈልግም። ቮርቴክስና ሉፖልድ ዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፣ ሁለተኛ እጅ ቢገዙትም ዋስትናው አብሮ ይመጣል። ብሎኑን ደግሞ የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካ መፍቻ ማጥበቅ ነው። ሱቁ ራሱ ይሠራልዎታል።

የጥይቱን ሒሳብ መርሳት

ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፣ ጥይት ግን ሁሌ ነው። ባለ 20 ፍሬ የ308 ፓኮ እንደ ዓይነቱ ከ25 እስከ 50 ዶላር ይሄዳል። ከ308 የበረታው 300 ዊንቸስተር ማግነም ደግሞ ከ40 ጀምሮ እስከ 80 ሊደርስ ይችላል። በዓመት 200 ጥይት የሚተኩስ ሰው በመጀመሪያው ከ250 እስከ 500 ዶላር ያወጣል፣ በሁለተኛው ከ400 እስከ 800። ልዩነቱ በሦስት አራት ዓመት ሌላ ጠመንጃ ይገዛል።

የሚያሳዝነው ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ማግነም ትከሻ ይመታል። ጀማሪ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመታ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል። ያ ልማድ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ለአንድ ተራ አጋዘን 308 ከበቂ በላይ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ ገበያ ላይ ስላለ በየሱቁ አይጠፋም። በ1925 የወጣው 270 የተባለው ጥይትም እንደዚያው።

አንድ ምክር ልጨምር። 22 የምትባለዋ ትንሿ ጥይት ባለ 50 ፓኮዋ አምስት ስድስት ዶላር ብትሆን ነው። ርካሽ ባለ 22 ጠመንጃ ገዝቶ ክረምቱን በሙሉ መለማመድ ውዱን ጠመንጃ በዓመት አንዴ አውጥቶ አምስት ጥይት ከመተኮስ እጅግ ይሻላል። የቨርጂኒያ የጠመንጃ ወቅት የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር በኅዳር መጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ጿሚ ከሆኑ ጊዜዎ አጭር ነው፣ ሥጋውም ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል። ኢላማ ማስተካከሉን ለዚያ ሳምንት አያቆዩት።

ለክብር መግዛት

ይቺ የኛዋ ናት። ጎጃምና ጎንደር ገጠር በሬ ሸጦ ጠመንጃ መግዛት የታወቀ ነው። ጠመንጃ የመሬት ዋስ ነው፣ የወንድነት ምስክር ነው፣ ሠርግ ላይ ጌጥ ነው። ምንሽር ያለ ቀረርቶም አይደምቅም። እዚያ ሰውየው የከፈለው ዋጋ የሚገዛለት ነገር ነበረው።

እዚህ ግን ጠመንጃው ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጠው ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ነው። ማንም አያየውም። ለፎቶ ሲባል ክሬዲት ካርድ ላይ 3,000 ዶላር ጭኖ ከ20 በመቶ በላይ ወለድ መክፈል የአባቶችን ወግ መጠበቅ አይደለም። የቤት ሰው የማያውቀው ጠመንጃማ ዋጋው ተከፍሎ አያልቅም።

ስም ብቻ አይቶ አሮጌ መግዛት

ሁለተኛ እጅ ጠመንጃ መግዛትን እደግፋለሁ። ብዙ አዳኝ በዓመት አንድ ፓኮ እንኳ አይጨርስም፣ ስለዚህ የሃያ ዓመት ጠመንጃ በርሜሉ ገና ጎረምሳ ሊሆን ይችላል። ወቅቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ሱቆቹም ዋጋ ይቀንሳሉ።

ግን ይጠንቀቁ። ዊንቸስተር ሞዴል 70 በ1936 የወጣ ጠመንጃ ነው። በ1964 ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ለወጠው፣ ሰው ቅር ተሰኘ። ከዚያ በፊት የተሠራው እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዋጋ ነው የሚሸጠው። ሰብሳቢ ካልሆኑ ያንን ጭማሪ የሚከፍሉበት ምክንያት አይታየኝም። ሬሚንግተን 700 ደግሞ ዝነኛ ነው፣ ግን ከግንቦት 2006 እስከ ሚያዝያ 2014 በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩት ኤክስ ማርክ ፕሮ የተባለውን ቃታ የያዙት ሳይነኩ ሊተኩሱ ስለሚችሉ ፋብሪካው በ2014 ለጥገና ጠርቷቸዋል። አንድ ሰው በ350 ዶላር ሲያቀርብልዎ «ቃታው ተቀይሯል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ይለፉት።

ርካሽ ገዝቶ ቃታ መቀየር፣ ሰደፍ መቀየር፣ በርሜል ማስቀባትም ያው ኪሳራ ነው። ሲሸጡት የጨመሩበትን ገንዘብ የሚመልስልዎ የለም።

ለሌላ ሰው መግዛት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ፈቃድ ካለው ሱቅ ሲገዙ 4473 የሚባለውን ቅጽ ይሞላሉ። ገዢው እርስዎ ራስዎ ነዎት ወይ ብሎ ይጠይቃል። የወንድምዎን ገንዘብ ተቀብለው በስምዎ ገዝተው ቢሰጡት ወንጀል ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት እስር አድርሶታል። በራስ ገንዘብ ገዝቶ መግዛት ለሚፈቀድለት ሰው በስጦታ መስጠት ግን ሌላ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በስተቀር፣ አይፈቀድለትም። ዜጋ ላልሆነ ሰው የጦር መሣሪያ ወንጀል ከአገር ሊያስባርር ይችላል። በ400 ዶላር የተገዛ ጠመንጃ ግሪን ካርድ ካስከፈለ ከዚህ በላይ ውድ ጠመንጃ የለም።

አገር ቤት መላክም እንዲሁ። ከአሜሪካ ማውጣት የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። ኢትዮጵያም የጦር መሣሪያን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ትቆጣጠራለች።

ታዲያ ስንት?

ለምሥራቁ ጫካ የመጀመሪያ ጠመንጃ ለሚገዛ ሰው 1,200 ዶላር ይዘህ ና እላለሁ። 550 ለጠመንጃው፣ 300 ለመነጽሩ፣ 50 ለማሰሪያው፣ 200 ለጥይትና ለሜዳ ክፍያ፣ 100 ለቁልፍ፣ ለጆሮ መከላከያና ለዓይን መነጽር። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ካዝና ይጨምሩበት፣ ከየትኛውም መቀነስ ካለብዎ ከጠመንጃው ይቀንሱ። ፋብሪካው ጠመንጃውን ከሚሸጥበት ዋጋ ላይ 11 በመቶ የፌዴራል ታክስ ይከፍላል። ታክሱ በ1937 በወጣ ሕግ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል፣ ስለዚህ አጋዘኑም ድርሻ አለው።

ጠመንጃው ብቻውን ከ1,000 ሲያልፍ «ለምን?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልስ ያላቸው ሰዎች አሉ። ኮሎራዶ ተራራ ላይ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው አንድ ኪሎ መቅለሉ ገንዘብ ያወጣል። በርቀት ውድድር የሚተኩስም የሚከፍልበትን ያውቃል። ግራኝ የሆነ ሰው ደግሞ ርካሾቹ ውስጥ ምርጫው ጠባብ ነው። ማቀባበያው በግራ በኩል የሆነ ለማግኘት መቶ ሁለት መቶ ዶላር መጨመር ካለበት ይጨምር፣ በቀኝ እጅ ጠመንጃ ፊቱ ላይ እጁን እያሻገረ ከሚታገል።