ክሩ ይታያል፣ ኤሌክትሪክ ግን አያስተላልፍም፦ የፕሮቲን ናኖሽቦ ችግር እንዴት ተፈታ

ምልክቱ፦ የጂኦባክተር ሰልፈሬዱሴንስ ባክቴሪያ ፒሊን ጂን (ፒሊን ናኖሽቦ የተባለው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ቀጭን ክር የሚሠራበት ፕሮቲን ነው) የገባበት ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ በክር ተሸፍኗል። ክሩ ተለይቶ በወርቅ ኤሌክትሮዶች ላይ ሲደርቅ ግን ጅረቱ ከንጽጽር ናሙናው አይለይም።

ስህተቱ የክሩን ውፍረት ሳይለኩ ማመን ነበር። የሚፈለገው ናኖሽቦ 3 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ በናሙናው የበዛው ግን 7 ናኖሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህ የኢ. ኮላይ የራሱ ፊምብሪያ (ከሴሉ ላይ የሚበቅል ፀጉር መሰል ክር) ነው፤ ከሽቦው ጋር አብሮ ስለሚዘቅጥ በማጣራት ብቻ አይለይም። ስለዚህ የፊምብሪያውን ዋና ፕሮቲን የሚሠራው ፊምኤ የተባለው ጂን ከባክቴሪያው ተሰረዘ፤ ከዚያ የፒሊን ጂኑን የተሸከመው ፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) እንደገና ገባ። አሁን የቀሩት ቀጫጭኖቹ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ወጥመድ ጨው ነው፣ እሱ ደግሞ በተቃራኒው ያታልላል። ሽቦው ፒኤች 10.5 በሆነ 150 ሚሊሞላር ኢታኖላሚን ውስጥ በብሌንደር ዝቅተኛ ፍጥነት ለ2 ደቂቃ ከሴሉ ይላጫል፤ ሴሉ በሴንትሪፊዩጅ ከተወገደ በኋላ አሞኒየም ሰልፌት በተባለ ጨው እንዲዘቅጥ ይደረጋል። የተረፈ ጨው እርጥበት ስቦ በአዮን ጅረት ይሰጣል፣ ለኪው ደግሞ ሽቦው የሠራ ይመስለዋል። በተጣራ ውኃ ደጋግሞ ዳያሊሲስ ማድረግ (ጨውን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ማጠብ) ግድ ነው።

ለንጽጽር ባዶ ፕላዝሚድ አይበቃም። አምስት አሮማቲክ (ቀለበት ያላቸው) አሚኖ አሲዶቹ በአላኒን የተተኩበት ፒሊን ክር ይሠራል፣ የማስተላለፍ አቅሙ ግን እጅግ ደካማ ነው፤ ትክክለኛው ማነጻጸሪያ እሱ ነው። ፒኤች ሲወርድ ማስተላለፍ ስለሚጨምር ሁለቱም በአንድ ፒኤችና በአንድ የአየር እርጥበት ይለኩ። እንደ ስድስት ሂስቲዲን ያለ ተጨማሪ ቅጥያ የሚፈልግ በፒሊኑ ካርቦክሲል ጫፍ ያስገባው፤ ሌላኛው ጫፍ ለክሩ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል።