እስክንድርያ ልትሄዱ ነው? መጀመሪያ ፒያሳ ጊዮርጊስ ግቡ

እስክንድርያ ደርሼ ከመጣሁ ጀምሮ የሰፈር ሰው እንዴት እንሂድ፣ ምን እንይ እያለ ይጠይቀኛል፣ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ላይ ልጻፈው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጽፈው)።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ፣ አሮጌው ከተማ ያለው ከአሁኑ ከተማ ስር ነው። ታላቁ ቤተ መጻሕፍት የለም፣ የፋሮስ የመብራት ግንብም የለም፣ ስለዚህ ታሪኩን ከዚሁ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ባሕር ዳር ፎቶ ተነስታችሁ ነው ምትመለሱት። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ እንደዛ ነው የሆንኩት፣ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከፒያሳ ጀምሩ። ጊዮርጊስ ገብታችሁ ሙዚየሙን እዩ፣ ኃይለ ሥላሴ በ1930 የነገሡት እዚህ ነው፣ ዘውዱን የጫኑላቸው ደግሞ ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ናቸው። የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ከላከልን ጊዜ ጀምሮ እስከ 1951 ድረስ፣ ወደ 1600 ዓመት ማለት ነው፣ ጳጳስ ሚላክልን ከእስክንድርያ መንበር ነበር። ከዛ ወደ አራት ኪሎ ወርዳችሁ በአታ ግቡ፣ ምኒልክ ባረፉበት ቤት ውስጥ አቡነ ማቴዎስም አርፈዋል፣ ከግብፅ መጥተው እዚህ የቀሩ አባት። ሰው እዛ ጋ ሳይቆም እስክንድርያ ሲሄድ ያሳዝነኛል።

ሌላው፣ አንድ ካህን ፈልጉና "አባቴ፣ የሚያዝያ 30ውን ስንክሳር ያንብቡልኝ" በሉ። የወንጌላዊው የማርቆስ ቀን ነው። እስክንድርያ ሲገባ ጫማው ተበጥሶ አንያኖስ ለሚባል ጫማ ሰፊ ሰጠው፣ አንያኖስ ሲሰፋ ወስፌው እጁን ወጋው፣ "አንድ አምላክ!" ብሎ ጮኸ፣ ስብከቱ ከዛ ጀመረ ይላል ትውፊቱ፣ መጨረሻ ላይ ማርቆስን በገመድ አስረው በከተማው መንገድ ጎተቱት። ይሄን ሰምታችሁ ስትሄዱ መንገዱ ራሱ ሌላ ይሆንባችኋል። የቤተክርስቲያን ሰው ካልሆናችሁ ደግሞ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ላይብረሪ ግማሽ ቀን ይበቃችኋል።

ጉዞው ቀላል ነው። ቪዛችሁን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ካይሮ ከደረሳችሁ ከራምሲስ ጣቢያ ባቡር ያዙ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሦስት ሰዓት ነው ሚፈጀው። ሲዲ ጋብር ላይ ሰው ሲወርድ አይታችሁ አትውረዱ፣ መጨረሻው ጣቢያ ነው መሃል ከተማው። ታኅሣሥና ጥር ባሕሩ ይናወጣል፣ ዝናብም አለ፣ ጥቅምት ወይ ሚያዝያ ይሻላል።

ሁለት ቀን ያዙ። በመጀመሪያው ቀን ኮም ኤል ሾቃፋ፣ ከመሬት ስር የተፈለፈለ የሮማውያን ዘመን መቃብር ነው፣ በ1900 አህያ ገብታበት ነው ተገኘ ሚባለው። ቅርቡ ላይ የፖምፔ ዓምድ ሚሉት ቀይ ድንጋይ አለ፣ ስሙ ስህተት ነው፣ ለሮማው ንጉሥ ለዲዮቅልጥያኖስ ነው የቆመው፣ እሱን ሰማዕታቱን የጨፈጨፈውን ማለቴ ነው። ስሩ ቁሙና ይሄን አስቡ ምክንያቱም የግብፅ ክርስቲያኖች ዘመን ሚቆጥሩት እሱ ከነገሠበት ከ284 ነው፣ ዓመተ ሰማዕታት ይሉታል። ወሮቹ ግን የኛው ናቸው፣ መስከረም 1 ለነሱም አዲስ ዓመት ነው፣ ወሩን ቱት ይሉታል፣ ጳጉሜም አላቸው። ከኛ ዓመት ላይ 276 ስትቀንሱ የነሱን ታገኛላችሁ፣ በኛ አቆጣጠር 2017 ካላችሁ እነሱ 1741 ናቸው። የቤተክርስቲያን ካሌንደር ስታዩ ሞክሩት፣ እኔ ሲገጥምልኝ እንባዬ ነው የመጣው።

በሁለተኛው ቀን በጠዋት ቃይትባይ ምሽግ። ከመቶ ሜትር በላይ ነበር ሚባለው ፋሮስ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ፣ በ1477 ሱልጣን ቃይትባይ በቦታው፣ ከራሱ ከፍርስራሹ ድንጋይ ጭምር ምሽግ ሠራ። ግድግዳውን ቀስ ብላችሁ እዩት። በ2002 የተከፈተውን አዲሱን ቤተ መጻሕፍትና በ2023 እድሳቱ አልቆ የተከፈተውን የግሪክና ሮማ ሙዚየም ከሰዓት ማድረስ ይቻላል። ምሳ ፉል ብሉ፣ ከኛ ፉል ጋር አወዳድሩት።

ማርቆስ ካቴድራል ማሀጠት ረምል አካባቢ ነው። ፓስፖርት ያዙ፣ ፍተሻው ላይ አትማረሩ፣ በ2017 በሆሳዕና ዕለት በሩ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሞቷል። ከኢትዮጵያ ነን በሉ፣ ነጠላችሁን ልበሱ።

ስትመለሱ በረራችሁን ማታ አድርጉትና ካይሮ አባሲያ ያለው ካቴድራል ግቡ። ቬኒሶች በ828 ከወሰዱት የማርቆስ አጽም ተከፍሎ የተመለሰው እዛ ነው ያለው፣ በ1968 ካቴድራሉ ሲመረቅ ፒያሳ ጊዮርጊስ በግብፃዊ ጳጳስ እጅ የነገሡት ኃይለ ሥላሴ በቦታው ነበሩ።