አዲስ የመጣችሁ፣ ፍራሽ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

አዲስ አገር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ለሲም ካርድ፣ ለባንክ፣ ለወረቀት ምናምን ነው፣ መኝታ ትዝ የሚለው ቁልፍ ተቀብሎ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲቆም ነው። ያኔ ደሞ ሁሉ ነገር ጥድፊያ ይሆናል፣ አንዱ መንገድ ዳር የተጣለ ፍራሽ አንስቶ ያስገባል፣ አንዱ ኦንላይን በጣም የረከሰውን አይቶ ያዛል፣ ሌላው ሱቅ ገብቶ ሻጩ መጀመሪያ ያስተኛው ላይ በክሬዲት ፈርሞ ይወጣል። ማታ እየሰራ ቀን የሚተኛ ሰው ደሞ ያቺ ያለችው እንቅልፍ ከተበላሸችበት ስራውም አብሮ ይበላሻል። ስለዚ ነገሩን ቀለል አርጋችሁ አትዩት፣ ግን ያን ያህል የሚያስጨንቅም አይደለም።

ከሁሉ በፊት፣ ስፖንጅ ይሻላል ስፕሪንግ ይሻላል ከማለታችሁ በፊት፣ «ካልተመቸኝ መመለስ እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይሄን ጥያቄ ከፍራሹ አይነት አስቀድመዋለሁ፣ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ጃኬት እንደለበሳችሁ አስር ደቂቃ ጋደም ብላችሁ ያያችሁት ምቾትና ሶስት ሳምንት ከተኛችሁበት በኋላ ወገባችሁ የሚነግራችሁ ነገር አንድ አይደለም። ኦንላይን ከሚሸጡት ብዙዎቹ የመቶ ሌሊት ሙከራ ይሰጣሉ፣ ከዛም በላይ የሚሰጡ አሉ። ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡት። አንዳንዱ መጀመሪያ አንድ ወር ካልተኛችሁበት አይቀበልም፣ አንዳንዱ መጥቶ ለመውሰድ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ «ይመለሳል» የሚለው በሌላ ፍራሽ እንቀይርላችኋለን ለማለት ነው እንጂ ብሩን አይመልስም፣ እድፍ ካየ ደሞ ጭራሽ እጁን አይዘረጋም።

ህጉ እንደየአገሩ ይለያያል። አውሮፓ ህብረት ውስጥ ያላችሁ ኦንላይን የገዛችሁትን እቃ ከተረከባችሁ በኋላ 14 ቀን አላችሁ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም፣ ፍራሽም ይጨምራል። «ላስቲኩን ከላጣችሁት በኋላማ አይመለስም» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ እሱ ያለቀ ክርክር ነው፣ ከጀርመን የተነሳ ጉዳይ የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ማርች 2019 ላይ ላስቲኩ ቢላጥም መብቱ አይቀርም ተብሏል። ፍርድ ቤቱ ፍራሹን ያየው ተለክቶ እንደሚመለስ ልብስ ነው፣ ጸድቶ እንደገና መሸጥ ይችላል ብሎ። ይሄ ግን ኦንላይን ለተገዛ ነው፣ በእግራችሁ ሱቅ ሄዳችሁ ከገዛችሁ 14 ቀን የሚባለው አይሰራም። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ «በህግ ሶስት ቀን አለኝ» ሲባል ትሰማላችሁ፣ ያ የፌደራል ደንብ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ለሚሸጥላችሁ ሰውና ለመሳሰሉት ነው እንጂ ራሳችሁ ሱቅ ገብታችሁ ለገዛችሁት አይደለም። እዛ በዋናነት የሚወስነው የሱቁ የራሱ ፖሊሲ ስለሆነ ሻጩ በአፉ የነገራችሁን ሁሉ ደረሰኙ ላይ ወይ በኢሜል አጽፉት፣ «ኧረ ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» ያለው ልጅ በሚቀጥለው ወር እዛ ላይኖር ይችላል።

ሳይዝ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ ሌላ ነው። የአሜሪካ ኪንግ 76 በ80 ኢንች ነው፣ በሴንቲ 193 በ203 አካባቢ ማለት ነው፣ የእንግሊዝ ኪንግ ግን 150 በ200 ሴንቲ ስለሆነ አሜሪካኖቹ ኩዊን ከሚሉት 60 በ80 ኢንች ጋር ነው የሚቀራረበው። እና ለንደን ያለችው እህታችሁ የኪንግ አንሶላ ገዝታ ብትልክላችሁ አሜሪካ ያለው ኪንግ አልጋችሁ ላይ አይደርስም፣ አንዱን ጥግ ስታስገቡ ሌላው ፈንጠር ይላል። ጀርመን ስዊድን አካባቢ ያላችሁ ስሙን ተዉት፣ ቁጥሩን ነው የምታዩት፣ 90፣ 140፣ 160፣ 180 በ200 ሴንቲ እየተባለ ነው የሚሸጠው። ለሁለት ሰው 140 ይበቃናል የሚሉ አሉ፣ አንድ ነገር ግን አስሉ፣ 140 ለሁለት ሲካፈል ለሰው 70 ሴንቲ ነው፣ ብቻውን የሚተኛ ሰው እንኳን 90 ነው ያለው። አሜሪካ ፉል የሚባለው ሳይዝም ያው ነው፣ 54 ኢንች፣ 137 ሴንቲ። ለጥቂት ጊዜ ይቻላል፣ ለአመታት ግን አንዳችሁ ጠርዝ ላይ ናችሁ።

ባልና ሚስት ሆናችሁ አንዱ ጠንከር ያለ ሌላው ለስለስ ያለ የሚፈልግ ከሆነ ደሞ መላ አለው። አሜሪካ ትዊን ኤክስኤል የሚባለው 38 በ80 ኢንች ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጓቸው ልክ ኪንግ ይወጣቸዋል፣ ጀርመን ውስጥ በአንድ የአልጋ ፍሬም ሁለት 90 ማስገባት የተለመደ ነው። አንዱ ሲገላበጥ ሌላው አይነቃም፣ ጠባብ ደረጃ ላይም በየተራ ይወጣል። መሀሉ ላይ ያለችው ክፍተት ትረብሻለች፣ እሷን የሚሞላ ለብቻው የሚሸጥ ስፖንጅ አለ። እና ከማዘዛችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን በሩን፣ ሊፍቱን፣ የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ፣ አልጋው ጎን ደሞ ለመተላለፊያ ወደ 60 ሴንቲ ይቅር።

ጥንካሬው ላይ እንምጣ። «ለወገብ ጠንካራ ነው የሚሻለው» የሚለውን ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው፣ ወለል ላይ መተኛትን እንደ መድሀኒት የሚመክርም አይጠፋም። በ2003 ላንሴት የህክምና መጽሄት ላይ የወጣ የስፔን ጥናት አለ፣ ለረጅም ጊዜ ወገባቸውን የሚያማቸው 313 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ጠንካራ፣ ግማሹን መካከለኛ ፍራሽ ላይ ለ90 ቀን አስተኟቸው፣ የተሻላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ናቸው። ስለዚ ምኑንም ካላወቃችሁ ከመካከለኛው ጀምሩ። ከዛ ውጪ አተኛኘታችሁ ይወስነዋል። በጎኑ የሚተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ትንሽ መግባት አለባቸው፣ ካልገቡ ጠዋት እጁ ደንዝዞ ይነሳል። በሆዱ የሚተኛ ለስላሳ ላይ ከተኛ መሀሉ ሰምጦ ወገቡ ይጎብጣል፣ እሱ ጠንከር ያለ ይሻለዋል። ክብደትም ለውጥ አለው፣ ለቀጭን ሰው ድንጋይ የሆነው ለደልዳላው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ የጓደኛ ምክር እዚ ላይ ብዙም አይሰራም። ፍራሹ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አትመኑት፣ ከአስር ስድስት ወይ የጀርመኖቹ ኤች ሁለት ኤች ሶስት የሚባለው ሁሉም ፋብሪካ የሚያከብረው አንድ መለኪያ የለውም፣ የአንዱ መካከለኛ የሌላው ጠንካራ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ሁልጊዜ በምትተኙበት ጎን ተኙ፣ ሻጩ አጠገባችሁ ቆሞ እያወራም ቢሆን አትፈሩ፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ጋደም በሉ፣ ስራው ነው። በጀርባችሁ ሆናችሁ እጃችሁን ወገባችሁ ስር አስገቡ፣ እንደልቡ ከተመላለሰ ፍራሹ ጠንክሮባችኋል፣ ጭራሽ አልገባም ካለ ሰምጣችኋል፣ ትንሽ ተጣቦ ከገባ ደህና ነው። አብሯችሁ ሰው ካለ ደሞ በጎናችሁ ስትተኙ ከኋላ ፎቶ ያንሳችሁ፣ አከርካሪያችሁ ቀጥ ማለቱ ፎቶው ላይ ይታያል።

አይነቱን በተመለከተ ሻጮቹ ብዙ ያወራሉ፣ መሰረቱ ግን ጥቂት ነው። ሜሞሪ ፎም የሚባለው በ1960ዎቹ ከናሳ ጋር በተያያዘ ለአውሮፕላን መቀመጫ ተብሎ የተሰራ ነው፣ በሰውነት ሙቀት ይለሰልስና ቅርጻችሁን ይይዛል፣ አጠገባችሁ የተኛው ቢገላበጥ አይሰማችሁም፣ ጉዳቱ ሙቀት ይይዛል፣ የሚያልባችሁ ከሆነ አስቡበት። ስፕሪንግ ያለው አየር ያሳልፋል፣ እዛ ላይ ግን ስፕሪንጎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው ወይስ እያንዳንዱ በየኪሱ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ በየኪሱ የሆነው ለሁለት ሰው በጣም ይሻላል። ላቴክስ፣ ከጎማ የሚሰራው ስፖንጅ ማለት ነው፣ ይበረክታል፣ ግን ውድና ከባድ ነው፣ ላቴክስ አለርጂ ያለበት ይተወው። ሃይብሪድ ማለት ታች ስፕሪንግ ላይ ስፖንጅ ነው፣ እኔ ግራ ለገባው ሰው እሱን ነው የምለው።

አሜሪካ ርካሽ በሳጥን ተጠቅልሎ የሚመጣ የምትገዙ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጁላይ 2007 ጀምሮ እዛ አገር የሚሸጥ ፍራሽ የእሳት ፈተና ማለፍ አለበት፣ ያንን በርካሽ ለማሟላት አንዳንዶቹ ከላይኛው ጨርቅ ስር የመስታወት ክር ያለብሱታል፣ ፋይበርግላስ የሚባለውን። ዚፕ ስላለው ይታጠባል ማለት አይደለም። ዚፑን ከፍታችሁ ከገፈፋችሁት ያ የሚያብረቀርቅ ብናኝ አልጋውን፣ ልብሱን፣ የማሞቂያውን ቱቦ ሳይቀር ይሞላዋል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ማጽዳቱም አበሳ ነው። ፍራሹ ላይ የተሰፋው ታግ ላይ የተሰራበትን ነገር በፐርሰንት ይጽፋሉ፣ ግላስ ፋይበር የሚል ካለ ወይ ተዉት ወይ ገዝታችሁ ዚፑን አትንኩት። ካሊፎርኒያ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች።

ያገለገለ ፍራሽ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፣ መንገድ ዳር የተቀመጠውን አታንሱ፣ ምንም ንጹህ ቢመስል። ትኋን ሳይበላ ለወራት መቆየት ይችላል፣ አንዴ ከገባ ደሞ ከአንድ ክፍል አይወሰንም፣ ጎረቤት ድረስ ይሄዳል፣ ማስወጫው ከአዲስ ፍራሽ ሊበልጥ ይችላል። የምታውቁት ሰው አገር ሊቀይር ሲል የሚሰጣችሁ ከሆነ ግድ የለም፣ ግን ቤቱ ሄዳችሁ በስልካችሁ ባትሪ እዩት። ዙሪያውን ያለችውን ስፌት በጣታችሁ ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ ሂዱ፣ በተለይ አራቱን ጥግና ታጉ ስር። በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ፣ ዝገት የመሰለ እድፍ፣ ስስ ቡኒ ቅርፊት፣ ወይ አምስት ሚሊ ሜትር የምትሆን ጠፍጣፋ ቀይ ቡኒ ነገር ካያችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የአልጋውን እንጨትና ብሎኖቹ ያሉበትን ቀዳዳም እዩ። ያገለገለ የብረት ፍሬም ግን ታጥቦ ይሆናል፣ ብር የሚቆጠበው እዛ ላይ ነው።

ብር ካነሳን አይቀር፣ አሜሪካ ፍራሽ በፕሬዝዳንትስ ዴይ (ፌብሩዋሪ)፣ በሜሞሪያል ዴይ (ሜይ መጨረሻ)፣ በሌበር ዴይ (ሴፕቴምበር መጀመሪያ) እና በብላክ ፍራይደይ (ኖቬምበር መጨረሻ) ይረክሳል፣ መጠበቅ ከቻላችሁ ጠብቁ። ሱቅ ውስጥ ዋጋ መከራከር ይቻላል፣ ካልቀነሱ ትራስ ወይ ዴሊቨሪ በነጻ ጨምሩልን በሏቸው። ያው ፍራሽ በየሱቁ ስሙ ተቀይሮ ስለሚሸጥ ማወዳደሩ ያስቸግራል፣ ከስሙ ይልቅ ውስጡ ያለውን ጻፉና አወዳድሩ። አዲስ ለመጣ ሰው አደገኛው «ለአንድ አመት ወለድ የለውም» የሚለው ክሬዲት ነው፣ ብዙ ጊዜ በቀኑ ሙሉውን ካልዘጋችሁት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ወለድ አንድ ላይ ይጭኑባችኋል፣ ትንሽ ብቻ ብትቀርም። «ክሬዲት አያስፈልግም» ብለው በየሳምንቱ የሚያስከፍሉት ደሞ ኪራይ ነው፣ ሲደመር የፍራሹን ዋጋ እጥፍ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን በካሽ የምችለውን ቀለል ያለ ገዝቼ እቆያለሁ።

ሲመጣላችሁ ወለል ላይ አታንጥፉት፣ ከሰውነት የሚወጣው እርጥበት ታች መውጫ አጥቶ በተለይ በክረምት ከስር ይሻግታል። ርብራብ ያለው ፍሬም አድርጉ፣ የርብራቡ ክፍተት ከሰባት ስምንት ሴንቲ አይብለጥ፣ ኩዊንና ከዛ በላይ ከሆነ መሀሉ ላይ የሚሸከም እግር ይኑረው። ይሄን ካላሟላችሁ ዋራንቲውም ላይሰራ ይችላል። ለዚያው ሲባል ውሀ የማያስገባ የፍራሽ ሽፋን፣ ፕሮቴክተር የሚባለውን፣ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ አልብሱት፣ አስር አመት ዋራንቲ ያለው ፍራሽ በአንድ ሻይ ዋራንቲው ይሄዳል። ታጉንም አትቁረጡት። «በህግ ያስቀጣል» የሚለው ለሻጩ ነው እንጂ ለእናንተ አይደለም፣ ዋራንቲ ስትጠይቁ ግን ሊፈልጉት ይችላሉ።

በሳጥን የመጣውን ክፍሉ ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ ክፈቱት፣ ከተነፋ ወዲያ በሩን ማለፍ ያስቸግራል። ላስቲኩን ስትቀዱ ቢላ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ በመቀስ ከጠርዝ ጀምሩ። እስኪነፋ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል፣ ሽታ ካለው መስኮት ክፍት አድርጉ። የቆየ ፍራሽ ካላችሁ ደሞ ስታዙ ጊዜ «አሮጌውን ትወስዳላችሁ ወይ» በሏቸው፣ ብዙዎቹ በትንሽ ክፍያ ይወስዳሉ፣ ራሳችሁ ውጪ አውጥታችሁ ከጣላችሁት ግን ብዙ ከተማ ላይ ያስቀጣል፣ መጀመሪያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ደውላችሁ ቀን ማስያዝ ነው።