የገበታ ጨዋታ መፍጠር ለምትፈልጉ፦ ከካርቶን ቁራጭ ጀምሩ

የራሳቸውን የገበታ ጨዋታ የጀመሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ብዙውን ጊዜ ሥዕል ነው። ያማረ ሰሌዳ፣ በኮምፒውተር የተሠራ አርማ፣ አንዳንዴም ሳጥኑ ጭምር። «ተጫውታችሁበታል?» ስላቸው ገና ነው ይሉኛል። እባካችሁ በዚህ በኩል አትጀምሩ። ሥዕሉ የመጨረሻው ሥራ ነው።

1. ተጫዋቹ የሚጨነቅበትን ምርጫ አግኙ

ገበጣን አስቡት። መሬት ላይ የተቆፈሩ ጉድጓዶችና ጠጠር ናቸው፣ ሌላ ነገር የለም። ተራው የደረሰው ሰው ግን እጁን ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እያንቀሳቀሰ በልቡ ይቆጥራል፤ «ከየትኛው ላንሳ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ጨዋታውን በሙሉ ይሸከመዋል። ተጫዋቹ ዳይሱ ያዘዘውን ብቻ የሚፈጽም ከሆነ ግን ቶሎ ይሰለቻል።

እኔ የምሠራው ጨዋታ ስለ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ከመገናኛ ፒያሳ። ምርጫው ይኸው፦ እስኪሞላ ልጠብቅ ወይስ ሌላው ሳይቀድመኝ በጎዶሎ ልውጣ? የእናንተንም እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። አልጻፍ ካለ ሐሳቡ ገና አልበሰለም።

2. በዚያው ቀን ሥሩት

የካርቶን ቁራጭ፣ እርሳስ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ አንድ እፍኝ ባቄላ ይበቃል። ለካርድ ወረቀት ስምንት ቦታ ቁረጡ። አታሳምሩት፤ ያማረ ነገር ለመቅደድ ያሳሳል፣ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ መቀደዱ አይቀርም።

3. ብቻችሁን ሦስት ሰው ሆናችሁ ተጫወቱ

እየዞራችሁ ተቀመጡ፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ጥቅም ከልባችሁ አስቡ። ግልጽ ብልሽቶች እዚህ ይወጣሉ። ሁለት ዳይስ የምትጠቀሙ ከሆነ ሒሳቡን አትዝለሉት፤ ከ36ቱ አወዳደቆች 7 በ6 መንገድ ይመጣል፣ 2 ግን በ1 ብቻ። ሁለቱን እኩል የሸለመ ጨዋታ 2ን የመረጠውን ሰው በድሏል። እ.ኤ.አ. በ1995 በጀርመን የወጣው ካታን የተባለ የገበታ ጨዋታ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

4. ለሌሎች ስጡ፣ እናንተ ዝም በሉ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የካታን ፈጣሪ ክላውስ ቶይበር የጥርስ ቴክኒሺያን ነበር፤ ጨዋታዎቹን ማታ ማታ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነበር የሚሞክረው። እናንተም ከቤት ጀምሩ፣ ግን አታስረዱ፣ አትከራከሩ። ደብተር ይዛችሁ ጥግ ተቀመጡ።

የታክሲውን ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስሞክር የአክስቴ ልጅ በሁለተኛው ዙር አንዲት ተሳፋሪ ብቻ ይዛ ወጣች። በሦስተኛውም እንዲሁ። ሌሎቹ ወንበር እስኪሞላ ሲጠብቁ እሷ አራት ጊዜ ተመላልሳ ባቄላውን ከፊቷ ከመረችው። አንዱ ልጅ ስልኩን አወጣ። እኔ የጻፍኩት ይህንን ነው፦ «ዙር 5፣ ስልክ»። ሰው ስልኩን ያወጣበት ደቂቃ ጨዋታው የሞተበት ደቂቃ ነው፤ ስትጨርሱ «እንዴት ነበር?» ብትሉ ግን ሁሉም «ደስ ይላል» ነው የሚላችሁ። ይሉኝታ አለብን።

መፍትሔው ትንሽ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ባቄላ የነዳጅ ይከፈል አልኩ። ሌላ ነገር አልነካሁም። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ከቀየራችሁ የቱ እንዳዳናችሁ፣ የቱ እንደጎዳችሁ አታውቁም።

5. ሕጉን ጽፋችሁ ለማያውቃችሁ ሰው ስጡ

በቀድሞው የኛ ሰንጠረዥ (የአገራችን ቼዝ) ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፣ ወረራ ይባላል። ከልጅነቱ ሲያይ ላደገ ሰው ይህ ሳይነገረው ግልጽ ነው፤ ለእንግዳ ግን ካልተጻፈለት በምን ያውቃል? በእናንተም ጨዋታ እንዲህ ያለ፣ ከልማድ ብዛት የማይታያችሁ ሕግ አለ። ማን ይጀምራል፣ መቼ ያልቃል፣ እኩል ቢወጡስ? ወረቀቱ ብቻ ይመልስ።

6. ሌባ ከመፍራት ሥሩ

ጨዋታውን ለማንም የማያሳዩ ሰዎች አሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የጻፋችሁትንና የሣላችሁትን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ስለዚህ የጨዋታችሁን ሕግ ጽሑፍና ሥዕሉን ከነቀኑ አስቀምጡ፣ ጨዋታውን ግን አውጡት።

ወደ ማተሚያ ቤት የምትሄዱት እንግዶች «አንድ ዙር እንድገም» ማለት ሲጀምሩ ነው። መጀመሪያ አንድ ናሙና ብቻ አሳትሙና መብራት በጠፋበት ማታ በሻማ ተጫወቱበት። የኔ ቀይና ቡናማ ጠጠሮች አንድ መስለው ቁጭ አሉ፤ አሁን ቀዩ ክብ፣ ቡናማው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው።