ክላውዲየስ ለምን ገደለ? ስለ «ሐምሌት» ተውኔት ንጉሥ ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

የሼክስፒርን «ሐምሌት» በእንግሊዝኛም ሆነ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ ሰው ወንድሙን ገድሎ ስለነገሠው የልዑል ሐምሌት አጎት፣ ስለ ንጉሥ ክላውዲየስ፣ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ «የሥልጣን ጥመኛ» ብሎ ይገላገላል። ድርሰት ለሚጽፍ ተማሪም ሆነ ገጸ ባሕርዩን ለሚጫወት ተዋናይ የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ክላውዲየስ በሦስተኛው ገቢር ሰሚ የለም ብሎ ሲናዘዝ ከወንድሙ ግድያ ያተረፈውን ይዘረዝራል፦ ዘውዱ፣ ምኞቱና ንግሥቲቱ። ንግሥቲቱን ገርትሩድን፣ የሟች ወንድሙን ሚስትና የሐምሌትን እናት፣ ከዚህ ካወጣችኋት የመጨረሻው ትዕይንት ትርጉም ያጣል።

እዚያ ላይ ንግሥቲቱ ለሐምሌት የተመረዘውን ጽዋ ታነሳለች። ንጉሡ «አትጠጪ» ይላታል፤ እሷ እጠጣለሁ ትላለች። «መርዝ አለበት» ብሎ ቢጮህ ትተርፍ ነበር፤ እሱ ግን ይጋለጣል። ስለዚህ ዝም ይላል። ስትወድቅም ደም አይታ ራሷን ስታ ነው ብሎ ሊሸፋፍን ይሞክራል። ይወዳታል፤ ከዘውዱ አስበልጦ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት የሚናገረውን ሁሉ እኩል ማመን ነው። ይህ ሰው ንግግሩን በሰሚው ልክ ይሰፋል። በቤተ መንግሥቱ ሹማምንት ፊት የወንድሙን ሐዘንና የራሱን ሠርግ ባንድ ትንፋሽ አያይዞ ሳይጠየቅ ወደ ኖርዌይ ጉዳይ ያልፋል። ሐምሌት አባቱን፣ የንጉሡን አማካሪ ፖሎኒየስን፣ የገደለበት ሌርተስ «ሐምሌትን ለምን አልቀጣኸውም?» ሲለው እናቱ ያለ እሱ አትሆንም፣ ሕዝቡም ይወደዋል ይላል። ምክንያቶቹ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሚናገረው ለነፍስ ግድያ ከሚመለምለው ልጅ ጋር ነው። ጥቅስ ከመውሰዳችሁ በፊት ማን ፊት እንደተባለ እዩ።

ጸጸቱም ማስመሰል ነው የሚሉ አሉ። ማንን ሊያታልል? ሐምሌት ከኋላው መቆሙን እንኳ አያውቅም። ደግሞ የሕሊናው ወቀሳ ሐምሌት ንጉሡን ሊፈትን ያሳየው፣ ግድያውን የሚመስለው ተውኔት ከመታየቱ በፊት፣ በፖሎኒየስ አንድ ንግግር ምክንያት ለብቻው አምልጦት ተሰምቷል። ችግሩ ይቅርታን የሚፈልገው የዘረፈውን ሳይመልስ መሆኑ ነው፤ ይህንንም ራሱ ያውቀዋል።

ዙፋኑን «ሰረቀ» ማለትም አያስኬድም። በተውኔቱ የዴንማርክ ንጉሥ ይመረጣል፤ ሐምሌት ራሱ የሚያማርረው በምርጫውና በተስፋው መካከል ገባብኝ ብሎ ነው። ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች ክላውዲየስ ሕጋዊ ንጉሥ ነው።

የመጨረሻው፣ ዓላማውን ከዳር እስከ ዳር አንድ አድርጎ ማየት። መጀመሪያ ሊያገኝ ገደለ፤ በኋላ ያገኘውን እንዳያጣ ይገድላል። ሐምሌትን ከመነሻው ሊያጠፋው እንዳሰበ የሚያሳይ ነገር የለም፤ እንዲያውም በአደባባይ አልጋ ወራሼ ይለዋል። ፖሎኒየስ ከመጋረጃ ኋላ በሐምሌት እጅ ሲገደል ግን ከክላውዲየስ አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ነገር «እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ ይኸው ይደርስብኝ ነበር» የሚል ነው። ሐምሌት አንገቱ እንዲቀላ የሚያዘው ደብዳቤ ወደ እንግሊዝ የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው።