ለፓናል ውስጥ የሚሆን ሽቦ፦ አመራረጥና አስተሳሰር

በሰበታና በሱሉልታ ለወፍጮ ቤት ወይም ለእንጨት ሥራ ፓናል (የሞተር ማስነሻና መቆጣጠሪያ ሳጥን) ሲሠራ፣ ከቤት ዝርጋታ የተረፈ ሶሊድ (ባለ አንድ ወፍራም ክር) ሽቦ አይግባበት። ሶሊድ ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ በሞተሩ ንዝረትም ከብሎኑ ሥር ይላላል። የላላ ማሰሪያ ይግላል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቃጠለውም ኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ነው።

የሚገዛው ባለ ብዙ ክር ተጣጣፊ የመዳብ ሽቦ ነው። ልባሱ ላይ «ኤች07ቪ-ኬ» (H07V-K) እና 450/750 ቮልት የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። የመጨረሻው ፊደል «ዩ» (U) ከሆነ ሶሊድ ነው።

በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየምም መዳብ ተብሎ ይሸጣልና ክሩን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት። ከዚህ የሚሻለው ግን ሚዛን ነው። 100 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ (ስኩዌር ሚሊ ሜትር) ሽቦ ያለ ልባሱ እንኳ 2.2 ኪሎ ግራም ያህል መዳብ አለው። ጥቅሉ ከነልባሱ ከዚያ ከቀለለ ወይ ውፍረቱ፣ ወይ ርዝመቱ፣ ወይ ብረቱ ተጭበርብሯል።

ውፍረቱን በሞተሩ ልክ ምረጡ። በቀጥታ የሚነሳ 7.5 ኪሎ ዋት ሞተር በ380 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። በዳክት (ሽቦ በሚያልፍበት የፕላስቲክ ቦይ) ውስጥ ከሌሎች ጋር የታጨቀ 2.5 ካሬ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ የሚችለው 18 አምፔር ያህል ብቻ፣ ትርፉም ጠባብ ስለሆነ 4 ካሬ አስገቡ። እነዚህ ከተሞች ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሙቀት ቶሎ አይወጣም፣ የብዙ ኮንታክተሮች ካታሎግም የሚናገረው እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ነው። ለኮንትሮል መስመር (ኮንታክተሩን ለሚያዘው) 1 ካሬ ይበቃል።

ጫፉን በሽቦው ልክ በሆነ ፌሩል (ክሮቹን አንድ ላይ በሚይዝ ትንሽ የብረት ቱቦ)፣ በራሱ መጭመቂያ ፒንሳ እሰሩ። በሊድ መበየድ በፍጹም አይገባም፦ ሊድ በብሎን ግፊት ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ማሰሪያው ከወራት በኋላ ይላላል። አንድም ክር ከፌሩሉ ውጭ አይቅር።

አረንጓዴና ቢጫ ለግራውንድ ብቻ ነው። የበሩም ብረት በራሱ ተጣጣፊ የግራውንድ ሽቦ ይታሰር። ወደ በሩ የሚሄዱትን ሽቦዎች በማጠፊያው በኩል በቂ ርዝመት ትታችሁ በስፓይራል ጠቅልሏቸው።

ከቆጣሪው የሚመጣው ኬብል አሉሚኒየም ከሆነ ከመዳብ ጋር በቀጥታ አይገናኝ፤ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙ እየተበላ ያልቃል። ሁለቱን የሚያገናኝ የመዳብና አሉሚኒየም ተርሚናል ግዙ።

ኃይል ከመልቀቃችሁ በፊት ታይመርና ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ነቅላችሁ በ500 ቮልት ሜገር (የልባስ መቋቋም መለኪያ) ለኩ፤ በእያንዳንዱ ፌዝና በግራውንድ መካከል ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ልባሱ የተላጠበት ቦታ ወይም እርጥበት አለ። ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ፣ በቴስተር ኃይል አለመኖሩን አረጋግጣችሁ፣ የኃይል መስመር ብሎኖችን በሙሉ እንደገና አጥብቁ።